ሸክም የያዘ እንዳያልፍበት ስለተከለከለው የሐይቅ ዳር መንገድ

ለክቡር አቶ ተክለጊዮርጊስ
የሐይቁ ዳር የዱር አራዊት መጠበቂያ ሹም
ቦኖሻ አጠገብ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎንና የጉማሬዎቹን ምቾት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኛ ከመንገድ በስተቀር የጎደለብን ነገር የለም፤ ደኅና ነን።

ይህችን ደብዳቤ በመጽሔት ላይ ማውጣቴ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ወደ ቢሮዎ የተላኩት ሽማግሌዎች በሄዱ ቁጥር ሹሙ ወፍ ሊያዩ ወጥተዋል እየተባሉ ስለተመለሱ፣ ምናልባት ወፎቹ ዘግይተው በሚመጡበት ቀን ያነቡልን ይሆናል በሚል ተስፋ ነው።

አንደኛ፤ ስለሠሩልን ቀላል የእግር መንገድ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ጠጠር ፈስሶበታል፣ በየመታጠፊያው አግዳሚ ወንበር ተተክሎለታል፣ ግራና ቀኙም ኖራ በተቀቡ ድንጋዮች አጊጧል። በኛ አገር ድንጋይ ኖራ የሚቀባው ትልቅ ሰው ሊመጣ ሲል ነውና፣ የመንደሩ ሰው የክት ልብሱን ለብሶ፣ ጠጠሩን እንዳያቆሽሽ ጭቃው ውስጥ ቆሞ፣ እንግዳውን ሲጠብቅ ሰነበተ። በመጨረሻ የመጡት መነጽር በአንገታቸው ያንጠለጠሉ ሁለት የአዲስ አበባ ሰዎች ሲሆኑ፣ እልል ያሉላቸውን ሴቶች ዳክዬዎቹን ስለምትከልሉብን ዘወር በሉ ብለዋቸዋል። ሴቶቹም ዘወር ብለዋል፤ እንግዳ አክባሪዎች ነን።

ሁለተኛ፤ ያ መንገድ ረግረጉን አቋርጦ ደረቅ ደረቁን የሚሄደው፣ ወደ ቦኖሻ ገበያ የሚወርዱ እናቶች እየሰመጡና እየወጡ ደረቁን መሬት ስላገኙት ነው። መሐንዲስዎ ጠጠሩን ያፈሰሰው በነሱ ዱካ ላይ ነው። እርስዎ ደግሞ መግቢያው ላይ በር አቁመው፣ መንገዱ ለሽርሽር ብቻ ስለሆነ ሸክም የያዘ እንዳያልፍ የሚል ሰሌዳ ሰቀሉልን። ቆጮ ያዘለችውም፣ እንጨት የተሸከመውም ኮረብታውን ዞሮ እንዲሄድ ማዘዝዎ ለጤናችን አስበው መሆን አለበት፤ ዳገት ለልብ ጥሩ ነው ሲባል ሰምተናል።

ሦስተኛው ግን ቁጥር የሚበቃው ጉዳይ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት የአናጢው የጀማል ባለቤት ረሂማ ምጥ ጠናባትና፣ ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ቦኖሻ ጤና ጣቢያ ሲያጣድፏት ዘበኛዎ ዳኘ በሩ ላይ አቆማቸው። ዳኘ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንጀራው ትእዛዝ መጠበቅ ነው። ብዙ ካሰበ በኋላ፣ ረሂማ ባዶ እጇን ስለሆነች መግባት እንደምትችል፣ ተሸካሚዎቹ ግን ሸክም ስላላቸው እንደማይችሉ ፈረደ። ጀማል እየማለ እየተገዘተ ሲለምነው፣ ረሂማ ከቃሬዛው ቀና አለችና፣ «ወንድሜ ዳኘ፣ ሸክምሽን አውርደሽ እለፊ ካልከኝ እዚሁ አወርደዋለሁ፤ የምትታቀፈው ግን አንተ ነህ» አለችው።

በሩን ከፈተ። ሆኖም ዘግይቶ ነበርና፣ ልጅቷ የተወለደችው ሐይቁን መመልከቻ ብለው ካስቀመጡት አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ዳኘ ካፖርቱን አውልቆ፣ ፊቱን አዙሮ፣ እንደ መጋረጃ ዘርግቶ ቆመ። እናቲቱ ብዙ ደም ስለፈሰሳት ቀሪውን መንገድ በሩጫ ወሰዷት። የጤና ጣቢያው ድሬሰር በኮረብታው ዞራችሁ ቢሆን ኖሮ ሬሳዋን ነበር የምታመጡልኝ ብሏቸዋል።

ከዚህ በኋላ ከመሥሪያ ቤትዎ የመልካም ምኞት ቃል ስንጠብቅ፣ ለጀማል መጥሪያ መጣለት። ወፎች እንቁላል በታቀፉበት ወራት በጩኸት ስላስበረገገ ሰኞ ቀርቦ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ዳኘ ከሥራው ታግዷል። መንገዱም ከጫፍ እስከ ጫፍ በሽቦ ይታጠራል ተብሏል። ለወፍ እናቶች ስላለዎት ርኅራኄ ከልብ እናመሰግናለን፤ ከርኅራኄው የተረፈ ካለ ለሰው እናቶችም ቢደርስ አንጠላም።

ክቡር ሆይ፣ ከወፎቹ ጋር ጠብ የለንም። ከኛው ጋር የኖሩ ናቸው፤ ሴት ስታልፍ ጎጆውን ጥሎ የሄደ እስከ ዛሬ አላየንም። ሽቦውን ግን አንቀበልም። ሰኞ ጀማል ብቻውን አይቀርብም፤ የመንደሩ ሰው ከነሸክሙ በዚያው መንገድ አልፎ አብሮት ይመጣል፤ የጎረቤት ከተማችን የፎንቆ ነጋዴዎችም አብረውን ሊያልፉ ቃል ገብተዋል። ሰሌዳውን ቢያነሱልን ደስ ይለናል፤ ባያነሱትም እያነበብነው እናልፋለን።

እግርዎ ዘወትር ጠጠር እንጂ ዳገት እንዳይገጥመው የምመኝልዎ፣ በሚንሸራሸሩበት ሁሉ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ፋንታዬ ተረፈ
የመንደሩ ተወላጅ፣ ከሆሳዕና

ማሳሰቢያ፤ ሀሊማ የምትባለው ነጋዴ ለባለቤትዎ በየሳምንቱ የምታመጣው ቅቤ ተዘጋጅቶ ቤቷ ተቀምጧል። ሕግ አክባሪ ስለሆነች ይዛው መምጣት ፈርታለች። እመቤቲቱ ራሳቸው እየተንሸራሸሩ ሄደው ቢወስዱት በሩ ክፍት ነው፤ ሲመለሱ ግን ሸክም ስለሚይዙ በኮረብታው በኩል እንዲዞሩ ይንገሩልን።