ድምፅ መቅጃው ትራስህ ሥር ነው

ደረበ፣

ቁልፉን ዘሀቢያ ሱቅ ትቼልሃለሁ። በርሜሉ ውስጥ ውኃ አለ፤ ስትቀዳ ክደነው። ድምፅ መቅጃው ትራስህ ሥር ነው። አብረን ብንገዛውም ከእንግዲህ ያንተ ብቻ ይሁን።

ጠዋት የትናንቱን ልምምድ ልሰማ ከፈትኩት፤ ማሲንቆዬ የቱ ጋ እንደሳተ ለማወቅ ነበር። ከልምምዱ በፊት ሌላ ድምፅ አገኘሁ። ለአባቴ ልቅሶ ገለጉ ድረስ አብረኸኝ ስትመጣ፣ ለካ መቅጃውን ኪስህ ውስጥ ከፍተኸው ነበር።

ለአብደራፊው ሰርግ "አዲስ ዜማ አመጣሁ" ብለህ ከበሮ ያስመታህበት፣ እናቴ ደረቷን እየደቃች ያወረደችው ሙሾ ነው።

እኔም ሦስት ጊዜ በማሲንቆ መታሁት። ጭፈራ አድርገኸው ስለነበር አላወቅኩትም። እንዲያውም "ግሩም ነው" አልኩህ። 

ለሰርጉ ሌላ ማሲንቆ መቺ ፈልግ።

እናቴን ከመቅጃው ላጠፋት ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። አንተ አጥፋት።

ከሙሾው ቀጥሎ ለራስህ የቀዳኸውንም ሰምቻለሁ። "ከኋላ የሚያለቅሰው ወንድ ዜማውን አበላሸብኝ" ትላለህ።

አጠገብህ ቆሜ የማለቅሰው እኔ ነበርኩ።

ያረጋል