«ቤቶን ነው ወይ?» ብዬ ጠይቄህ ነበር

ወንድሜ፣ የእናቴ ልጅ ይርጋ፣

ከዚያ ግድግዳ ላይ ከወደቅህ አሥራ አራት ወር ሆነህ። ተለያየን አልልም፤ እኔ በየቀኑ ከአንተ ጋር እጣላለሁና። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ እሰድብሃለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ጥርሴን ነክሼ እሰድብሃለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ተነሥቶ ቦታ ይቀይራል። ሙት አይሰደብም ይላሉ። እኔ ግን ታላቅህ ነኝ፤ ስድብ ያስተማርኩህም እኔ ነኝ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። እማዬ ያው አሽዶድ፣ ሮቫ ጊሜል ሰፈር፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ናት። ሰው ወንበር ላይ ሲወጣ ማየት አትችልም። የሳሎኑ አምፖል ከተቃጠለ ከፋሲካ ወዲህ ነው፤ ልቀይር ስነሣ ሱሪዬን ይዛ ትጮኻለች፤ ስለዚህ ከኮሪደሩ በሚገባው ብርሃን እንቀመጣለን። የብየዳ ጭንብልህን ከበሩ ጀርባ አላወረደችውም። ሚስትህ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ልጅህ ሠራዊት ገብታለች፤ ዓርብ ዓርብ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ትመጣና እግሯን ሶፋው ላይ ሰቅላ ትተኛለች፣ ልክ እንደ አንተ፣ አፏን ከፍታ።

እኔ እንዴት እንደሆንኩ አትጠይቀኝ። ሰው መትቻለሁ። መሰላል ሰብሬአለሁ። ፖሊስም ተጠርቶብኛል። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ዲግሪዬ።

ያ ቀን ዓርብ ነበር። ቀብላኑ፣ ያ ሥራ ተቋራጭ ተብዬ፣ ብረቱንና ብሎኑን ግቢው ውስጥ አራግፎ «ሰንበት ሳይገባ ጨርሱ» ብሎ ሄደ። ሥራው ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ግድግዳ ላይ ቋሚ የብረት መሰላል መትከል ነበር፤ ጣሪያው ላይ ወዳሉት የፀሐይ ውኃ ማሞቂያዎች መውጫ። አንተ በያጅ ነህ። ብረት ታውቃለህ፣ ግድግዳ አታውቅም። ይህንን ታውቅ ስለነበር ቢሮዬ ደወልክልኝ። ከጀርባህ መሰርሰሪያው ይጮኻል። «አያ፣ መሰላሉን ከግድግዳ የሚያይዙትን እግሮች በምን ያህል ርቀት ልትከላቸው?» አልከኝ። ነገርኩህ። ከዚያ አንዲት ጥያቄ ጠየቅኩህ። ከሁሉ የምትበልጠውን ጥያቄ።

«ቤቶን ነው ወይ?»

ቤቶን ማለት እዚህ አገር ሁሉም እንደሚያውቀው በብረት የታሰረ ሲሚንቶ ነው። የእነዚህ አሮጌ ሕንጻዎች ምሰሶና የየፎቁ መቀነት ቤቶን ነው፤ በመካከላቸው ያለው ግን ሆዱ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው። ከውጭ በልስን ተሸፍኖ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ቤቶን ውስጥ የገባ ብሎን ሰው ይሸከማል። ብሎኬት ውስጥ የገባ ብሎን ካፖርት እንኳ አይሸከምም።

«አዎ አያ!» አልከኝ። እየሳቅህ ነበር። ዘጋህ።

ከታች ያሉት እግሮች በዕድል መቀነቱ ላይ ዐርፈው ነበርና ያዙ። የላዮቹ ስድስት ብሎኖች ግን ባዶ ብሎኬት ውስጥ ነበሩ። አንተ ልትሞክረው ወጣህ። ወገብህ ላይ ቀበቶ ነበረ፤ መንጠቆውን ግን ያስገባኸው እዚያው መሰላል ላይ ነው፤ የሚወድቅ ነገር ላይ ታስረህ ወጣህ ማለት ነው። ጫፉ ስትደርስ ግድግዳው ተፋቸው። አንዱ ሲነቀል ሌሎቹ ተከተሉ፤ መሰላሉ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ታጠፈ፤ አንተን ይዞ ዞሮ መኪና ማቆሚያው አጥር ላይ በጀርባህ መታህ። ከዚያ ብረቱ በላይህ ወደቀ። ተደውሎልኝ ስደርስ አንድ እጅህ መረገጫውን እንደጨበጠ ነበር። የአምቡላንሱ ሰዎች ጣቶችህን አንድ በአንድ ነው ያላቀቁት። እኔ ደግሞ ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ? አንተን ትቼ በቀብላኑ የእንጨት መሰላል ወጥቼ ጣቴን ከተነቀሉት ብሎኖች የታችኛው ቀዳዳ ውስጥ ከተትኩ። እስከ ሥሩ ገባ። ባዶ ነበር። እዚያው ላይ ሆኜ ወደ ሬሳህ ቁልቁል ጮኽኩ፦ «ቤቶን ነው አላልከኝም? አንተ ውሸታም!»

ሰው ሁሉ ሰምቶኛል። ወሬው ደርሷት እማዬም ሰምታለች።

ሺቫ፣ የሰባት ቀኑ ለቅሶ ላይ፣ ተቀምጠን በሦስተኛው ቀን ቀብላኑ አንድ ካርቶን ፍራፍሬ አስይዞ መጣ። እናታችን እጁን ይዛ አለቀሰች። እሱ አጠገቤ ተቀመጠና «ጠንካራ ልጅ ነበር፣ ትንሽ ግን ቸኮለ» አለኝ። ቸኮለ! አፉን በቡጢ መታሁት። ጥርሱ ጣቴን ቀደደው፤ ጠባሳው አለ። ወደቀ፤ ወድቆም ረገጥኩት፤ ሽማግሌዎቹ ከላዩ ላይ ሲያነሡኝ አፌ ውስጥ የሸሚዙን ቁልፍ አገኘሁ። ነክሼው ኖሯል። ብርቱካኑ በመሬት ላይ ሲንከባለል እማዬ ብቻ ናት የተናገረችው፦ «አንድ ሬሳ ከቤቴ ወጣ፤ ሁለተኛውን አንተ ልታወጣልኝ ነው?»

ከዚያ የሥራ ደኅንነት መርማሪ ጠራኝ። እኔ መሐንዲስ ነኝ፣ ቃሌ ልክ ነው፣ ቃል በቃል ጻፍ አልኩት። «ቤቶን ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አዎ ብሎ መለሰልኝ።» ፈረምኩ። በትክክለኛነቴ ኮርቼ ወጣሁ። ቀብላኑ ያንን ወረቀት ሲያገኝ የተሰበረው ጥርሱ ሳይድን አልቀረም። ሪፖርቱ ላይ «ሠራተኛው ስለ ግድግዳው ሐሰተኛ መረጃ ሰጥቷል» ተብሎ ተጻፈ። ልጅህ አነበበችው፤ ዕብራይስጡን ከሁላችንም በላይ ታውቃለች። ወታደር ነኝ ብላ እንባዋን ይዛ ጠየቀችኝ፦ «አጎቴ፣ አባዬ የሞተው ስለዋሸ ነው?»

እኔም ልጅህን «አዎ» አልኳት ይርጋ። ጠይቄው ነበር፣ አዎ ብሎኛል አልኳት።

እውነት መስሎኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት ተወ። በሄድኩበት ሁሉ ግድግዳ ላይ ያሉ መሰላሎችን እመለከታለሁ። የአሽዶድ ባሕር ጨው ብረት ይበላል፤ ብሎኖቻቸው በዝገት አብጠዋል፣ አንዳንዶቹ በሽቦ ታስረዋል። ሮቫ ቤት በሚባለው ሰፈር አንድ ሕንጻ ላይ ያየሁትን ግን ማለፍ አልቻልኩም። የላይኛው እግር ከግድግዳው ላልቶ ይወዛወዛል። ቤቴ ሄጄ ትልቁን መዶሻ አመጣሁና መምታት ጀመርኩ። ብረቱ ሲጮኽ ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ የቀብላኑን ፊት እያየሁ ነበር የምመታው። ትከሻዬ እስኪዝል መታሁት። የሕንጻው ኮሚቴ ኃላፊ የሆነች ፀጉሯን ቀይ የቀባች አሮጊት በመስኮት ብቅ አለች፦ «አንተ መሰላል የምትገድል ሰውዬ! ልጆች የሉህም? መጥተው ይውሰዱህ!» ፖሊስ ጠርታ ወረደች። ፖሊሶቹ ሲደርሱ በእጄ ብቻ ብሎኑን ስቤ አወጣሁና መዳፏ ላይ አኖርኩት። ከነትቢያው። አየችው። «ባሌ እኮ ትናንት ወጥቶበት ነበር» አለች፤ ከዚያ ወደ ፖሊሶቹ ዞራ «ምን ታፈጣላችሁ? ሂዱ!» አለቻቸው። ለእኔ ደግሞ «የሰበርከውን አንተው ትሠራለህ» አለችኝ።

ሠራሁት። ረዳቴ እንዲሆን ጋሽ ደሴን ለመንኩት፤ ያን ዓርብ ከአንተ ጋር የነበረውን አንጋፋ ሠራተኛ። ዓመት ሙሉ ሸሽቶኝ ነበር፤ ከብዙ ልመና በኋላ መጣ። አንተ ማየት ነበረብህ። ግድግዳውን ከታች እስከ ላይ በትንሽ መዶሻ አንኳኳን፤ ባዶው እንደ ከበሮ ያጉረመርማል፣ ሙሉው ዝም ይላል። ሙሉውን በጠመኔ አሰመርን፤ መሰላሉ የሚታሰርበትን ቦታ የመረጠው ግድግዳው እንጂ እኛ አይደለንም። ስትሰረስር ቤቶን ይታገልሃል፣ ዱቄቱ እንደ አመድ ደቃቅ ነው፤ ብሎኬት ከሆነ መሰርሰሪያው በድንገት ባዶ ውስጥ ዘው ይላል። እያንዳንዱን ቀዳዳ በብሩሽ ጠረግን፣ ትቢያውን ነፋን፣ ደግመን ጠረግን፣ ማጣበቂያውን ሞልተን ብሎኑን አስገባን። ሳይደርቅ ማንም አልነካውም። ከዚያ እንደማይነቀል ለመፈተን እያንዳንዱን ብሎን በመጎተቻ መሣሪያ ሳብነው። ብረቱ በዚንክ የተነከረ ነው። መረገጫዎቹ እኩል ተራርቀዋል፤ ከግድግዳው ከስንዝር ያላነሰ ስለራቁ የጫማ አፍንጫ አይጋጭም። የጎን ብረቶቹ ከጣሪያው ጠርዝ በላይ እስከ ደረት ይወጣሉ፤ ሰው ሲሻገር የሚይዘው አያጣም። ቀበቶ የሚታሰርበት ገመድ ደግሞ ለብቻው ጣሪያው ቤቶን ላይ ነው የተተከለው። መሰላሉ ላይ አይደለም። መሰላሉ ላይ አይደለም ይርጋ።

ነገሩ የመጣው በሁለተኛው ቀን ነው። ጋሽ ደሴ ላይ ሆኖ ይሰረስራል፣ እኔ ታች ነኝ። በዚያ ጩኸት መካከል ሳላስበው «ቤቶን ነው ወይ?» ብዬ ጮኽኩ።

መሰርሰሪያውን አጠፋ። ቀስ እያለ ወረደ። ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እንዲህ ነበር እንዴ ያልከው?» አለኝ። ምን ማለትህ ነው ስለው ነገረኝ። ያን ዓርብ ስልኩን ኪስህ ከትተህ ሠራተኞቹን እንዲህ ብለሃቸዋል፦ «አያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጠፋ! የምትበሳው ቤቱን ነው ወይ ይለኛል። ታዲያ ቤቱን እንጂ የጎረቤቱን ውሻ ልብሳ?» ሁሉም ሳቁ። ጋሽ ደሴም ስቋል። «አንተ ሰው የምትመታ ሆንክብኝ፤ መናገር ፈራሁ» አለኝ።

ቤቱን።

ቤቶን ብዬህ ቤቱን ሰማህ። አልዋሸኸኝም። የምትበሳው ቤቱን ነበር፤ አዎ አልክ።

እንዴት እንዲህ ልትሰማ ቻልክ ብዬ ሦስት ቀን አልበላሁም። መልሱን አውቀዋለሁ። በአውሮፕላኑ ወለል ላይ ጭኔ ላይ ተኝተህ ስትመጣ ስድስት ዓመትህ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ አማርኛህ በዕብራይስጥ ተወረረ። እኔ ታላቁ፣ እኔ የተማርኩት፣ ሕግ አወጣሁ፦ ከእኔ ጋር ስትናገር ወይ ንጹሕ አማርኛ ወይ ዝም። ስትቀላቅል በጥፊ እመታህ ነበር። ልጅ ሆነህ ጥፊ፣ አድገህ ግልምጫ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ አሳድጌህ፣ ከአፌ የዕብራይስጥ ቃል ይወጣል ብለህ እንዴት ትጠብቅ? እኔ በአማርኛ የማወራ መስሎህ በአማርኛ ሰማኸኝ። ሕጌን ያፈረስኩት በዚያች አንዲት ቃል ነው። አርማታ ማለት ነበረብኝ። አርማታን አታውቀውም ነበር፤ «ምንድን ነው እሱ አያ?» ትለኝ ነበር፤ ያ ጥያቄ በሕይወት ያኖርህ ነበር።

ስለዚህ አሁን የምመታው ሰው አጣሁ። መዶሻውን ይዤ ስነሣ የሚጠብቀኝ የራሴ ፊት ነው። የቀብላኑ ጥፋት ይቀራል ብለህ አታስብ፤ በያጅን ያለ ንድፍ ግድግዳ ላይ ያወጣ እሱ ነው፣ ይህንንም አልተውለትም። የአንተ ስም ግን እዚያ ወረቀት ላይ ከሐሰት ጋር ተጽፎ አያድርም። ነገ ጠዋት ጋሽ ደሴን ይዤ መርማሪው ዘንድ እሄዳለሁ። ቃሌን እለውጣለሁ። «እኔ በሁለት ቋንቋ ጠየቅኩት፣ እሱ በአንዱ በእውነት መለሰ» ብዬ አስጽፋለሁ፤ ዕብራይስጡን ልጅህ ታርመዋለች። ትናንት ነግሬአታለሁ። አልጮኸችብኝም፣ ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። «ታዲያ አባዬ እየቀለደ ነው የሞተው» አለችና ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ሳቀች። እማዬ በጨለማው ሳሎን ውስጥ ሆና ትሰማን ነበር።

ያቺን ቃል ከአፌ ነቅዬ ጥያታለሁ። በግድግዳ ፊት በቆምኩ ቁጥር፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ፣ ላይ ለቆመው ሰው የምጮኸው ሌላ ሆኗል፦ «ሙሉ ነው ባዶ?» መልሱንም በቃሉ ካልደገመልኝ ብሎን አላቀብለውም። «አዎ» ብቻ ብሎ የሚመልስልኝን አስወርደዋለሁ። ሽማግሌው አበደ ይበሉ። እጄ መዶሻ እስኪያቅተው ድረስ ይህችን ጥያቄ ስጠይቅ እኖራለሁ፤ በጠየቅኩ ቁጥርም ስምህን ጠራሁ ማለት ነው።

ውሸታም ያልኩህን፣ ከዚያ ቀዳዳ ላይ ሆኜ ቁልቁል የጮኽኩብህን፣ መልሼ ወስጃለሁ።

ወንድምህ፣
አያ