ትንፋሽ ሲያጥር

አምቦ፣ ኅዳር ፲፱፻፸

ለእትዬ ወለተ ማርያም፤ ሰላምታዬ ጅማ ድረስ ይድረስሽ። ደብዳቤውን ለነጋዴው ለሁሴን የሰጠሁት የፖስታ ቤት ሰዎች ዝርክርክ ስለሆኑ ብቻ ነው።

ሐኪሙ ውፍረቴን አይቶ እንድሮጥ ስላዘዘኝ ማለዳ ማለዳ እሮጣለሁ። የቀበሌው ጥበቃ ጉርሙ፣ ያ ስድ፣ ማንም ሳይጠራው አብሮኝ ይሮጣል።

«ጋሼ ሌታ፣ ሆድዎ ቀደመዎት!» እያለ ይስቃል። ቀጥሎ፣ «ጉዴ የት ሄደች? ጓደኞቿን ሁሉ ሰብስበናል፤ የቀረችው የእርስዎ ልጅ ናት» ይለኛል። እኔ ትንፋሼ ስለሚቆራረጥ እጄን ብቻ አወዛውዝለታለሁ።

ትናንት ደረቴን ሲወጋኝ ሐኪሙ፣ «ለጊዜው ቀስ ብለው ይራመዱ» አለኝ። ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ግን ለተጠየቀው መልስ መስጠት አለበት። ስለዚህ እሮጣለሁ።

ጉዴን ሳሚልኝ። ቤቱን እያስጠገንኩ ስለሆነ ለገና እንዳትመጣ። ደህና ሁኑልኝ።

ወንድምሽ ሌታ