የተጠረገ መንገድ ለሚያስጠርጉት ለተማሪዎች ዲን

ክቡር የተማሪዎች ዲን ሆይ፣

ጤናዎ፣ ወንበርዎና ያ አቧራ የማይደፍረው ጫማዎ እንዴት ሰነበቱ? እኛ ከኮሌጁ አጥር ማዶ ያለነው፣ እርስዎ «ማህበረሰቡ» የሚሉን ሰዎች፣ በቸርነትዎ ደህና ነን።

እኔ የመንገድ ጠራጊዋ ልጅ ነኝ፤ ከመምህር ጋር ተጣልቼ ከትምህርት የተባረርኩት። ተማሪን ከማህበረሰብ ጋር ስለሚያዋህዱ ነገሮች በድምጽ ማጉያ ያደረጉትን ንግግር አጥር ተደግፌ ሰምቼው አንጀቴ ስለራሰ፣ እኔም የጎደለውን ልሙላልዎ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ቆሻሻ ነው። ባለፈው ወር «የማህበረሰብ ትስስር ቀን» ባሉት ዕለት ተማሪዎችዎ አዲስ ቲሸርት ለብሰው ሰፈራችንን ሊጠርጉ ሲመጡ፣ እናቴ እንጀራዋ ነውና ቀድማ ጠርጋው ጠበቀቻችሁ። እርስዎም ፎቶ አንሺው እንዳይከፋው ብለው፣ «እናት፣ እስቲ ያንን መልሰሽ በተን በተን አድርጊው» አሏት። በተነችው። እግዜር ይስጥልኝ፣ በዕድሜዋ ሙሉ እንዲህ ያለ ቀላል ሥራ የሰጣት አለቃ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ዘመድ ነው። መጥረጊያ ላልደረሳት አንዲት ተማሪ እናቴ የራሷን አቀበለቻት። ልጅቷም ተቀብላ፣ «እትዬ፣ ካሜራው ውስጥ ገቡብን፤ ትንሽ ዞር ይበሉልን» አለቻት። እርስዎ አንቺ ያሏትን ሴት እሷ አንቱ አለቻት፤ ትምህርት መቼም ጨዋ ያደርጋል።

ክቡርነትዎ፣ ያቺ ልጅ ታላቅ እህቴ ናት። «እትዬ» ያለቻት የወለደቻትን ነው።

ሦስተኛም ነበረኝ፤ ግን ይቅር።

እህቴ ከዚያ ወዲህ ቤት አልመጣችም። ፎቶዋ ግን ዋናው በር ላይ ተሰቅሏል፤ ጥግ ላይ ተቆርጣ የቀረችው እጅ የእናቴ ናት። እናቴ ጠዋት ጠዋት ከሥሩ ስትጠርግ ቀና ብላ «እንዴት አደርሽልኝ የኔ እመቤት» ትለዋለች። እሁድ በምረቃው እህቴን «ከማህበረሰቡ ጋር በመዋሃድ አንደኛ» ብለው ሊሸልሟት ነው አሉ። እኔ መምህር ሰድቤ ተባረርኩ፤ እሷ እናቷን ክዳ ትሸለማለች። እናቴ ግን ልጄ ትጠራኛለች ብላ ቀሚሷን አጥባ አስጥታለች። የጠራት የለም።

ልመናዬ በምረቃው ለእናቴ አንድ ወንበር ነው። ከሽንት ቤቱ አጠገብም ቢሆን አንከፋም።

ውለታዎ ከአፋችን፣ አቧራዎ ከዓይናችን የማይጠፋ፣
የእትዬ ልጅ፣ ከአጥር ማዶ

ማስታወሻ፦ ወንበር ከጠፋም አይጨነቁ። ምረቃው ሲያልቅ ግቢውን የምትጠርገው እናቴ ናት፤ ልጇ የተቀመጠችበትን ቦታ ያኔ ታየዋለች። እባክዎ ያኔ እንኳ ዞር በይ አይበሏት፤ ካሜራው ሄዷል።