ሁለቴ የተቆጠሩት ጉሬዛዎች

ለክቡር የሦስቱ አጎራባች ክልሎች የደን፣ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ መኖሪያ ጥበቃ ጥምረት የበላይ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ አዲስ ጎማ የጠበቀ፣ አየርዎ የማይጎድል፣ መንገድዎም ሚስማር የማይወድቅበት እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ አስፋልቱ አልቆ ቀዩ ጭቃ ከሚጀምርበት፣ ከጫካው አፋፍ ላይ ጎማ የምጠግነው ጎሚስታ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ የጫካችን ጉሬዛዎች በሙሉ ድምፅ ወክለውኝ ነው። እርግጥ ወከሉኝ ስል እጃቸውን አውጥተው አይደለም፤ ጉዳዩን ከዛፉ ሥር ቆሜ ጮክ ብዬ ሳነብላቸው አንድም የተቃወመ አልነበረም ለማለት ነው። አንዱ ብቻ ቅጠል ቢጥልብኝ እሱንም እንደ ፊርማ ቆጥሬዋለሁ። በጥምረትዎ ስብሰባም ውሳኔ የሚያልፈው በዚሁ መንገድ መሆኑን ሾፌርዎ ስላጫወተኝ፣ ሥርዓት ያጓደልሁ አይመስለኝም።

ስለ እጅ ጽሑፌ ማማር አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከማታው የመሠረተ ትምህርት ክፍል የወጣሁት በቅርቡ ነው። በክፍሉ ውስጥ ከእኔ በላይ የነበረችው ባለቤቴ ብቻ ስትሆን፣ ይህም በቤታችን የቆየ አሠራር ስለሆነ አልከፋኝም። መምህራችን ለሹም የሚጻፍ ደብዳቤ ሹሙ በሠራው መልካም ሥራ ይጀምራል፣ አቤቱታው በተራ ቁጥር ይከተላል ብላ አስተምራናለችና እነሆ በተራ ቁጥር።

አንደኛ፣ ምስጋና። ያን ዝናብ ያባራበት ዕለት ከመኪናዎ ወርደው፣ ሱሪዎን ሰብሰብ አድርገው፣ ያንን ቀይ ጭቃ በሚያብለጨልጭ ጫማዎ እየረገጡ ወደ ጫካው የገቡበትን ሁኔታ ምንጊዜም አልረሳውም። እኛ ሊቀመንበሩ የምንለውን፣ ነጭ ካባውን ደርቦ ከሁሉም በላይ የሚቀመጠውን ሽማግሌ ጉሬዛ ቀና ብለው አይተው ባርኔጣዎን አወለቁለት። እሱም ዝቅ ብሎ አይቶዎት፣ ከሥልጣን ወደ ሥልጣን እንደሚደረገው፣ ሰላምታዎን ሳይመልስ ፊቱን አዞረ። ሹም እንዲህ ነው እንጂ ብዬ ለመንደሩ ሁሉ አውርቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቆጠራው። ጥምረትዎ በወንዙ ወዲህና ወዲያ ያሉት ክልሎች ንብረት በጋራ ይጠቀሙ የሚል ውብ መመሪያ እንዳለው፣ በዚሁ መመሪያም ለሁለቱ ክልሎች አንድ የሩቅ መነጽር ብቻ እንደተገዛ ሰምተን ደስ ብሎናል። የእኛ ማዶ ባለሙያዎች መነጽሩን ይዘው ጠዋት ጠዋት ቆጠሩ። ከዚያ ሁለቱም ወገኖች አንድ አዳራሽ ውስጥ ተገናኝተው አብረው ምሳ በሉ፤ ጥምረቱ በእርግጥ የሚጣመረው እዚያ መሆኑን ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ከምሳ በኋላ መነጽሩ እጅ ተለውጦ የወዲያ ማዶዎቹ በተራቸው ቆጠሩ። ታዲያ ክቡርነትዎ በዓይንዎ እንዳዩት ወንዙ ላይ ያጋደለ ትልቅ ሾላ አለ። ጉሬዛዎቹ በእኛ ማዶ ያድራሉ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ይቆጠራሉ፤ ረፋዱ ላይ በሾላው ተሻግረው ወዲያ ማዶ ቅጠላቸውን ይበላሉ፣ እዚያም ይቆጠራሉ፤ ሲመሽ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ይህን በመንደራችን የማያውቅ የለም፤ የእኔ አማት እንኳ፣ ዓይናቸው ደክሞ ዶሮን ከድመት የማይለዩት፣ በጉሬዛዎቹ ጩኸት ብቻ "ተሻገሩ" ይሉናል። ጉሬዛዎቹም ቢሆኑ አላጭበረበሩም፤ አንድ ጊዜ ተቆጥረናል ብለው የሚያሳዩት ቀለም የተነከረ ጣት ማንም አልሰጣቸውም።

ሦስተኛ፣ ስለ ጭብጨባው። ሁለቱ ቁጥሮች በጥምረትዎ ጉባኤ ላይ ተደምረው ጉሬዛዎቻችን በአንድ ዓመት እጥፍ ሆኑ ተብሎ ሲነገር፣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ አሉ። እኛም እዚህ አጨብጭበናል። ሚስቴማ አንዲት እናት ጉሬዛ ልጇን አቅፋ ስታልፍ አይታ፣ እህቴ፣ ይህን ሁሉ መቼ ወለድሽው ብላ እስክትጠይቃት ድረስ ነው የተደሰትነው። ነገር ግን ደስታ እንደ ጎማ ነው፣ ከልክ በላይ ሲነፉት ይፈነዳል። በቀጣዩ ጉባኤ እነዚያው አጨብጫቢዎች፣ እንግዲህ እጥፍ ከሆኑ ጫካው አይችላቸውም፣ ግማሾቹ ተይዘው ጉሬዛ ለሌለው ለሦስተኛው አጋር ክልል በስጦታ ይሰጡ ብለው ወሰኑ።

አራተኛውን ባለቤቴ ሰርዛዋለች። አንብባ ስትጨርስ፣ አንተ ሰውዬ፣ ይህን ጽፈህ ነገ ማን ጎማ ሊያመጣልህ ነው ብላ ነው በጥቁር ቀለም የደፈነችው። ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ካዩት ግን ይነበባል።

አምስተኛ፣ ዋናው። ክቡር ሆይ፣ እጥፍ የሆነው ወረቀቱ ነው እንጂ ጉሬዛው አይደለም። ከወረቀቱ ላይ ግማሹን ብትወስዱ ወረቀቱ ላይ ግማሽ ይቀራል፤ ከጫካው ግን የምትወስዱት ሁሉንም ነው። ሊቀመንበሩን፣ ያቺን እናት፣ ቅጠል የጣለብኝን ፈራሚዬን፣ አንድ ሳታስቀሩ። ከዚያ ለቀሪዎቹ ጥበቃ ጥምረቱ በጀት ይይዛል፤ ጠባቂ ይቀጠራል፤ ጠባቂውም ባዶ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ በሰላም ያረጃል። ይህን ስል እየሳቅሁ ነው፣ ከልቤ ግን አይደለም። ምክንያቱም ማታ ክፍል ከገባሁ በኋላ ማንም ሳያስጽፈኝ በራሴ የጻፍሁት የመጀመሪያው ቃል ጉሬዛ ነው። ሦስት ፊደል ነው፤ የጎማ ቀዳዳ በማመለክትበት ጠመኔ የሱቄ በር ላይ ጻፍሁት፤ እስካሁንም አለ። በየንጋቱ እነሱ ሲጮኹ በሩን እከፍታለሁ፤ በሩን ስከፍት ቃሉን አያለሁ። እነሱ ሄደው ቃሉ ብቻ ከቀረ ግን ማንበብ መቻሌ ምን ያደርግልኛል? እንዲያውም ያን ጊዜ ባልተማርሁ ይሻለኝ ነበር።

ስድስተኛ፣ ስለ ጭነት መኪናው። ሽቦ ሣጥኖቹን የጫነው የጥምረቱ መኪና በአሁኑ ሰዓት ሱቄ ፊት ለፊት በክሪክ ተነሥቶ ቆሟል፤ ጎማው ፈንድቶ እኔ ዘንድ ይገኛል። እኔ ሐቀኛ ባለሙያ ስለሆንሁ እጠግነዋለሁ፤ ግን ማስቲሽ እንደ ጉባኤተኛ በቶሎ አይወስንም፣ ሲደርቅ ነው የሚደርቀው። የጭነት መኪናው ሾፌር በየደቂቃው ደረቀ ወይ ይለኛል፣ እኔም ወንድሜ፣ ሥራ እንዳታበላሽብኝ እለዋለሁ፤ እሱም መልካም ሰው ስለሆነ ሻይ አዝዞልኝ ጥላ ሥር ተጋድሟል። ይህ በምንም መልኩ ማስፈራሪያ አለመሆኑን በታላቅ አክብሮት አረጋግጣለሁ። የአየሩ እርጥበት ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሣጥኖቹ ከመከፈታቸው በፊት ቆጠራው አንዴ ይደገም፤ የወዲህና የወዲያ ማዶ ባለሙያዎች በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ሰዓት፣ በየማዷቸው ይቁሙ። እኔ ሾላው ሥር ቆሜ አፏጫለሁ፤ ሳፏጭ ሁለቱም ይጀምሩ፣ ደግሜ ሳፏጭ ሁለቱም ያቁሙ። መነጽሩን በተመለከተ አያስቡ፣ ጉሬዛ ነጭና ጥቁር ስለሆነ በባዶ ዓይንም ይታያል። ያን ጊዜ አንደኛው ማዶ ሙሉ፣ ሌላው ባዶ ካልሆነ፣ ግማሾቹን ሣጥን ውስጥ የማስገባቸው እኔ ራሴ እሆናለሁ፤ በሬ ላይ ያለውንም ቃል በክርኔ አጠፋዋለሁ።

በተረፈ ለጫካችን እንቅልፍ አጥተው ስለሚሰበሰቡልን፣ ተሰብስበውም ለሚወስዱት ማናቸውም እንቅልፍ፣ ከምድር እስከ ቅርንጫፍ ያለን ሁሉ ከልብ እያመሰገንን፣ ከፍ ካለው ወንበርዎ ሳይወድቁ ረጅም ዕድሜ እንዲቀመጡ የምመኝልዎ፣

ታዛዥዎ፣ የጫካው አፋፍ ጎሚስታ፣ በክፍሉ ሁለተኛ፣ በቤቱም ሁለተኛ።

ማሳሰቢያ፦ ባለቤቴ ደብዳቤውን መልሳ አንብባ፣ ሁሉም እውነት ነው፣ አንዱ ግን ውሸት ነውና አውጣው ብላኛለች። ልክ ናት። ወደ ጫካው የገቡት ነገር፣ ጭቃው፣ ሱሪው፣ ባርኔጣው፣ ከራሴ የፈጠርሁት ነው። መምህራችን በመልካም ሥራ ጀምሩ ስላለች ብፈልግ ብፈልግ ሌላ የምጀምርበት አጣሁ። የመኪናዎን ጎማዎች በየጊዜው ስለምጠግን አውቃቸዋለሁ፤ ሁሉንም ዓይነት አቧራ አይቼባቸዋለሁ፣ ቀይ ጭቃ ግን አንድም ቀን አላየሁባቸውም። ያም ሆኖ አልሰረዝሁትም፤ ምክንያቱም ውሸትነቱን ማጥፋት የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ማስቲሹ ሳይደርቅ ይምጡ፤ ቦቲ ጫማ አውስዎታለሁ። ባርኔጣ ግን ይዘው ይምጡ፤ ሊቀመንበሩ እየጠበቀ ነው።