በሰፈፍ የጠገንሁት ዋሽንት

አዳማ፥ ግንቦት ፲፱፻፳፪

ወንድሜ አብተው፥ እንዴት ሰንብተሃል? እኔ ደኅና ነኝ። ይህን ካርድ ማንም አልጻፈልኝም፤ የማታ ትምህርቱ አፍርቶ በገዛ እጄ ጻፍሁት፤ እያየህ ቅና!

እዚህ ገበያ ጎኑ የተሰነጠቀ ዋሽንት በርካሽ አገኘሁ። ስንጥቁን በሰፈፍ ደፍኜ በክር ብጠመጥመው ድምፁ ተመለሰ። አፌ መቼ ያርፋል? ቤታቸው ያረፍሁባቸውን አቶ ሰንበታን፥ «እኔ እያለሁ ለልጅዎ ሠርግ ሌላ ዋሽንት ነፊ ምን ያደርጋል?» አልኋቸው። አምነውኝ ያነጋገሩትን ነፊ አስቀሩት።

ሠርጉ ደረሰ። ዳሱ ሞልቶ ሁሉም እኔን ያያል። መንፋት ስጀምር ንቦች ከበቡኝ፤ ሰፈፉ ለካ ማሩ አልወጣለትም ነበር! በእኛ በእንጦጦ ብርድ ቢሆን እንደ ድንጋይ ደርቆ በቀረ፤ የአዳማ ሙቀት ግን አቅልጦ እስከ አገጬ አወረደው። አንዷ ከንፈሬን ነደፈችኝ። ዋሽንቱን እንደያዝሁ ትከሻዬን አራገፍሁ፥ አንገቴን ሰበቅሁ፥ ዘለልሁ። ሠርገኛው «እሰይ፥ የሸዋ ልጅ!» እያለ አጨበጨበ፤ ጎረምሶቹም እንደ እኔው ይዘሉ ጀመር። ሙሽራዋ ደራርቱ እንኳ ሳቋን መያዝ አቃታት። አቶ ሰንበታ እንባቸውን እየጠረጉ፥ «አንተ ጉረኛ፥ ዋሽንቱን ተወው፤ እስክስታው ይበቃናል!» አሉኝ።

አሁን መቂ ያሉ ዘመዳቸው ለሠርጋቸው ጠርተውኛል፤ ዋሽንት ይዤ እንዳልመጣ ግን አደራ ብለዋል።

ካርዱ ጠበበኝ። እናትህን እትዬ ሸዋወርቅን እጅ ንሣልኝ፤ እናቴን ደግሞ አንተ ሳምልኝ፤ እኔስ የከንፈሬ እብጠት እስኪጎድል ማንንም መሳም አልችልም።

ወዳጅህ ይፍሩ