ቦቴው ላይ ያለው ሰውዬ

ለባሌ ለከድሬ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ ያንተን ጤና መጠየቂያው ጊዜ ግን አልፏል። የወደቅክ ዕለት ሐኪሙ፣ ልቡ ከደከመ ቆይቷል፣ አይነግራችሁም ነበር ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ተሳስተሃል አልኩት። ባሌ ነገር የሚደብቅ ሰው አይደለም፣ የፊልም ታሪክ እንኳ ሆዱ ውስጥ አያድርለትም አልኩት። ሐኪሙ አልተከራከረኝም። ከሚስት ጋር መከራከር በትምህርት ቤት አያስተምሯቸውም መሰለኝ።

ጁባ፣ ሃይ ማላካል ሰፈር ያለው ሱቃችን እንዳለ ነው። ከፊቱ ያለው ጉድጓድም እንዳለ ነው፤ በክረምቱ ትንሽ ሰፋ እንጂ። ማማ ሮዝ አሁንም ከበራችን ጥግ የለውዝ ቅቤዋን ትሸጣለች። ጠዋት ጠዋት ያንተን ወንበር አውጥታ ራሷ ትቀመጥበታለች፤ ለምን ስላት ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት ነው አለችኝ። እኔ ዒዳዬን፣ የባል ሐዘን አራት ወር ከአሥር ቀኑን፣ ቤት ተቀምጬ ጨረስኩ። በዚያ መሃል አሥራ ዘጠኝ መጽሐፍ አነበብኩ፤ አብዛኞቹን ለሁለተኛ ጊዜ። ጁባ ለአማርኛ አንባቢ እንደማትጨነቅ ታውቃለህ።

እንዳለ ያልሆነው የውኃ ቦቴህ ነው። ልጽፍልህ የተነሳሁትም ስለሱ ነው።

እኔ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ቦቴውን የያዘው ወንድምህ ጋሽ ሰይድ ነበር። ሁለት ሾፌር ቀጠረ። አንደኛው ኒምራ ታላታ ሰፈር ውስጥ የሰው አጥር ገጭቶ ጠፋ፤ ሁለተኛው ሳይገጭ ጠፋ። ሦስተኛው ታምራት ነው፤ ያ ወንዝ ዳር መሙያው ላይ ፓምፕ ሲያስነሳ የምታውቀው ጴንጤ። መንጃ ፈቃድ አውጥቷል። አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ዘወር ብሎ አይተኛም። ከአንተ በኋላ የጉምቦ ሰፈር ደንበኞች ያመሰገኑት ሾፌር እሱ ብቻ ነው። አንድ ችግር አለበት፤ ሰውየውን አይወደውም።

ሰውየው የምለው የፊልምህን ጀግና ነው። ስሙን ከሃያ ጊዜ በላይ ነግረኸኛል፣ ከሃያ ጊዜ በላይ ረስቼዋለሁ። ከካምፓላ መለዋወጫ ገዝተህ ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ያየኸው ጊዜ፣ የገዛኸውን ዕቃ ሳታሳየኝ የፊልሙን ታሪክ ጀመርክልኝ። የወደብ ወዛደር ከመርከብ ላይ ባሕር ውስጥ ይወድቃል። በመሞት ፈንታ ይሻለዋል። ውኃ ውስጥ ይተነፍሳል፣ ከወገቡ በታች ዓሣ ይሆናል፣ የመርከብ መልሕቅ በሰንሰለቱ እያሽከረከረ ባሕሩን ከሚመርዙ ክፉዎች ጋር ይዋጋል። ከባሕሩ ሥር ከተማ አለ፤ ከተማው መብራት አለው። ጁባ የሌለ መብራት ባሕር ሥር ከየት መጣ ስልህ፣ እነሱ ጄኔሬተር አላቸው አልከኝ።

ከዚያ በፍላሽ አስገለበጥከው። የወሎ ልጅ ነህ፤ እዚህ ነጭ ዓባይ ውስጥ ከቁርጭምጭሚትህ በላይ ገብተህ አታውቅም፤ ድልድዩን ስትሻገር ከንፈርህ ዱዓ ያደርጋል። ስለ ባሕር ጥልቀት ግን የማታስረዳኝ ነገር አልነበረም። እሳት ውኃ ውስጥ እንዴት ይነዳል ስልህ፣ ግፊት ነው። ሲያወሩ አፋቸው ውስጥ ውኃ ለምን አይገባም ስልህ፣ ግፊት ነው። ፀጉሩስ ለምን አይበታተንም ስልህ ትንሽ አሰብክና፣ ቅባት ነው አልከኝ። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ መጽሐፌን ይዤ፣ አንተ ከፊቴ ቆመህ እጅህን እያሽከረከርክ። አንድ ቀን ከኔ ጋር ቁጭ ብለሽ እዪው ትለኛለህ። ይቺን ምዕራፍ ልጨርስ እልሃለሁ። ያቺን ምዕራፍ አራት ዓመት አነበብኳት። ትረካህ ሁልጊዜ የሚያልቀው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ክፉዎቹን ድል አደረገ፣ ቤቱ ገባ፣ አለቀ።

ቦቴው ጎን ላይ ያለውን የሰውየውን ሥዕል ያሠራኸው ላዶ ዘንድ ነው። ላዶ የፀጉር ቤት ሠዓሊ ነው፤ ስለዚህ ሰውየው ከአንገት በላይ ከጁባ ሰው ሁሉ ይበልጥ ተስተካክሏል። ጎንና ጎኑ ተላጭቷል፣ መስተዋት አምጡልኝ እንደሚል ሰው ወደ ጎን ያያል። ጭራው ያምራል፤ ዓሣ ላዶ ያውቃል። መልሕቅ ግን አይቶ ስለማያውቅ ዶማ አስያዘው። አንተ ቦቴውን ሁለት ጊዜ ዞረህ አየኸውና፣ ራሱ ነው አልክ። ከዚያ ወዲህ የጉምቦ ልጆች «ሞያ ጃ»፣ ውኃ መጣ፣ እያሉ የሚሮጡት ጥሩምባ ሰምተው ሳይሆን ዶማውን አይተው ነው።

ታምራት እንግዲህ አንድ ጠዋት ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ውኃ ውስጥ የሚኖሩ መናፍስት አሉ፣ ከላይ ሰው ከታች ዓሣ ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ተምረነዋል አለ። «እትዬ ዘሃራ፣ እኔ ይሄን ጀርባዬ ላይ አዝዬ ሰው ቤት የሚጠጣ ውኃ አላደርስም። ወይ እሱ ይውረድ፣ ወይ እኔ ልውረድ።» እስኪ ትንሽ ታገስ አልኩት። ሦስት ቀን ሥዕሉ ላይ እጁን ጭኖ ሲገሥጸው ሰነበተ። ላዶ ጥሩ ቀለም ነው የተጠቀመው።

ጋሽ ሰይድም ይህን ሲሰማ፣ ለአንተ ሲል አራት ዓመት የዋጠውን አወጣው። ነፍስ ያለው ፍጡር ሥዕል መላእክትን ያርቃል፣ ቤት አይገቡም አለ። ቦቴ ቤት አይደለም አልኩት። ቤትሽን የሚያቆመው ምንድን ነው አለኝ። ቦቴው አልኩት። እንግዲህ አለኝ። በአሥራ ሁለት ዓመት የጁባ ኑሮዬ ሙስሊሙና ጴንጤው በአንድ ነገር እንዲህ ሲስማሙ አይቼ አላውቅም። ያስማማቸው ደግሞ ዓሣ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፤ ከዚያ በፊት ቢጠይቁኝ ቀለሙን ራሴ እገዛላቸው ነበር። ሊያጠፉት ሲነሱ ነው የከፋኝ። ልብስህ ሰደቃ ወጥቷል። መቃብርህ ላይ ያለው ድንጋይ ከጎረቤቶቹ ድንጋይ አይለይም። ጁባ ውስጥ አንተ መርጠህ ያስቀመጥከው ነገር ቢቀር ያ ሰውዬ ነው። ሾፌር የሌለው ቦቴ ደግሞ ጎማ ያለው በርሜል ነው፤ እንደ ታምራት ያለ ሾፌር ሌላ ከየት አመጣለሁ?

ለማስታረቅ ላዶን አስጠራሁት። ጋሽ ሰይድ ጭንቅላቱ ከጠፋ ይበቃኛል አለ። ታምራት ጭንቅላቱን አልጠላሁም፣ እኔን የሚያስቸግረኝ ጭራው ነው አለ። ላዶ ሁለቱንም በትዕግሥት አዳመጠና ወደኔ ዞሮ በጁባ አረብኛ፣ ጭንቅላቱን ላንዱ፣ ጭራውን ለሌላው ከሰጠን የሚቀረው እምብርትና ዶማ ነው፤ እሱን ልሣልልሽ እችላለሁ፣ ስሜን ግን አልጽፍበትም አለ።

ስለዚህ ታምራትን አንድ ነገር ለመንኩት። ሳያዩ መፍረድ ደግ አይደለም፣ ፊልሙን እንየውና ከዚያ የፈለግኸውን አድርግ አልኩት። እኔም አይቼው እንደማላውቅ ያን ጊዜ ነው የተናዘዝኩት። ጾሞ መጣ።

ሱቁ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን ከፍተን፣ ኮምፒውተሩን የዘይት ጀሪካን ላይ አስቀምጠን አየነው። ማማ ሮዝ ለደንቡ ብላ ወንበርህን አምጥታ መሃላችን ተቀመጠች። ክፉዎቹ ሲመጡ ታምራት ዓይኑን ይጨፍናል፤ መልሕቁ መሽከርከር ሲጀምር ይገልጣል። ማማ ሮዝ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይሄን ሁሉ ውኃ ይዞ ለምን አይሸጥም? አንተ ብትኖር ግፊት ነው ትላት ነበር።

ሰውየው ክፉዎቹን ድል አደረገ። ቤቱ ገባ። ኮምፒውተሩን ልዘጋ እጄን ዘረጋሁ።

አላለቀም ከድሬ። ሃያ ሦስት ደቂቃ ይቀረው ነበር።

ሰውየው ቤቱ ከገባ በኋላ ደረቅ መሬት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ለሚስቱ አይነግራትም። ስታየው ይስቃል፣ ዘወር ስትል ግድግዳ ይደገፋል። ጓሮ ካለው በርሜል ውስጥ ፊቱን ነክሮ ይቆይና ሲመለስ ታጥቤ ነው ይላታል። እሷ መረብ ትጠግናለች። ቀና አትልም።

ታምራት ወደፊት ዘንበል ብሎ ሲያይ ቆየ። «እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ መንፈስ አይደለም እኮ» አለኝ። «በሽተኛ ነው።»

ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ ቀጠለ። «ጋሽ ከድርም እንደዚህ ነበር የሚያደርገው። ቦቴው እስኪሞላ ጋቢናው ደረጃ ላይ ቁጭ ይላል፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ምን ሆነህ ነው ስለው አቧራ ነው ይለኛል። ለዘሃራ እንዳትነግር ብሎኝ ነበር።»

ከመቼ ጀምሮ ብዬ ጠየቅሁት። እኔ እስከማውቀው ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲያ ነበር ብሎ መለሰልኝ።

ለኔም አቧራ ነው ትለኝ ነበር። የጁባ አቧራ ብዙ ነገር ይሸከማል።

መጨረሻው ላይ ሚስትየዋ ታውቅበታለች። ፊልም ስለሆነ በጊዜ ነው ያወቀችው። ደግፋው ወደ ባሕሩ ትወርዳለች፣ ሙዚቃው ይነሳል። ማማ ሮዝ አለቀሰች። እኔ ደንበኛ መጥቶ ስለነበር ሳሙና ሸጥኩ።

አሥራ አንድ ጊዜ ነው ያየኸው፤ እየቆጠርክ ትነግረኝ ስለነበር አውቃለሁ። አሥራ አንድ ጊዜ ያንን ክፍል አይተህ፣ ለኔ ግን ቤቱ ገባ፣ አለቀ። ምናልባት ከኔ ጋር ቁጭ ብለሽ እዪው ስትለኝ በአፍህ ያቃተህን ፊልሙ እንዲነግረኝ ፈልገህ ይሆናል። ምናልባትም ዓሣውን ብቻ ወደኸው ይሆናል። ብዙ በማንበብ የተማርኩት ነገር ቢኖር ለሞተ ሰው ሐሳብ ማዋስ በጣም ቀላል መሆኑን ነው፤ ስለዚህ አላውስህም። ተናድጄብሃለሁ። በራሴም ተናድጃለሁ፤ የራሴው ንዴት ግን ከኔው ጋር ስለሚኖር ጊዜ አለን። ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ፣ ያን ጊዜ ተሳስተሃል ስልህ የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ አልኩት። አላስታወሰኝም፤ እንኳን ደህና መጣሽ ብሎ የደም ግፊቴን ለካልኝ።

ፊልሙ ግን መጥፎ ነው። ከዚያ ወዲህ ለብቻዬ ሁለቴ ደግሜዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ መጥፎ ነው።

ታምራት ቁልፉን ወስዷል። መንፈስ ይገሠጻል፣ በሽተኛ ግን ይጸለይለታል አለ። አሁን ጠዋት ጠዋት ሞተር ከማስነሳቱ በፊት እጁን ጭራው ላይ ጭኖ ፈውስ ይለምንለታል። ሰውየው እስካሁን ለውጥ አላሳየም። ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄጄ የበሽተኛ ሥዕል ነው ስለው፣ በሽተኛም ነፍስ አለው አለኝ፤ ልክ ነው። ታምራት የነገረኝን ስነግረው ግን ከያዘው የዱቄት ከረጢት ላይ እጁን አነሳ። «ለኔም አልነገረኝም» አለ። ከዚያ ስለ ሥዕሉ አላነሳም። ስንለያይ ብቻ፣ እስከ ዓመቱ ይቆይ አለኝ። ዓመቱ ሲደርስ እንከራከራለን።

ትናንት ከታምራት ጋር ወንዝ ዳር ወረድኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ውኃው ከየት እንደሚመጣ አይቼ አላውቅም ነበር። ቦቴዎቹ ተሰልፈዋል፣ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ ፓምፑ ሲጮኽ ሰው ከሰው አይደማመጥም። ተራችን ሲደርስ ታምራት ቱቦውን ሰካና፣ ሥራ ያለው መስሎ ወደ ሌላው ጎን ዞረ። የጋቢናው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ብረቱ ያቃጥላል። ጠባብ ነው፤ ወደፊት ላለመውደቅ እጅን ጉልበት ላይ ማድረግ ግድ ነው። ቦቴው እስኪሞላ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከደረጃው ላይ ወንዙ ይታያል፣ ከማዶ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ሰው አጠገብህ ቢቀመጥ የሚበቃ ቦታ አለ፣ ጠጋ ካልክለት።

ባንኮኒው ፊት ቆሞ እጁን የሚያሽከረክረውን ከድር ለመርሳት አልችልም፤ እሱን ራስህ ነህ ያሳየኸኝ፣ ምስጋናው ያንተ ነው። ደረጃው ላይ የተቀመጠውም ግን ባሌ ነበር። እሱን ማንም ስላልሰጠኝ ራሴ ሄጄ ነው ያገኘሁት፤ እስካለሁ ድረስ ብቻውን አላስቀምጠውም።

ዘሃራ